ደግ አዛዥና ትእዛዙ

ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው ጦር የተመሠረተው በ1902 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዝ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዛሬዋ ማላዊ የነበሯትን ጦሮች አንድ ላይ ጠቀለለችበት። ወታደሩ አፍሪካዊ፣ መኮንኑ እንግሊዛዊ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በጦሩ ውስጥ ወደ 2,300 የሚጠጉ አስካሪዎች ነበሩ፤ በስዋሂሊ ወታደር ማለት ነው። የሚያዟቸው መኮንኖች ግን ከስልሳ እምብዛም አይበልጡም። ጠመንጃው በብዙኃኑ እጅ ሳለ ለምን ታዘዙ? ይህ የታሪክ ጥያቄ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፦ የአዛዡ ደግነት ትእዛዙን ትክክል ያደርገዋል ወይ?

መኮንኑ ከአገሩ ክፍለ ጦር ለጥቂት ዓመታት በውሰት የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። የወታደሩን ቋንቋ መማር ግዴታው ነው። ራቅ ባለ ምሽግ ሲመደብ ሌላ አውሮፓዊ ሳያይ ሳምንታት ያልፉታል። ደመወዝ ይከፍላል፣ ወንጀል ይዳኛል፤ አስካሪዎቹ ከነቤተሰባቸው በሰፈሩ ይኖሩ ስለነበር የባልና ሚስት ጠብ ሳይቀር እሱ ዘንድ ይመጣል። ብዙዎቹ መኮንኖች ራሳቸውን የሚያዩት እንደ አባት ነበር። ይህን ሁሉ ማስመሰል ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ከወታደሩ ጋር የተራበ፣ የቆሰለውን ለማንሣት ብሎ የሞተ መኮንን ነበር። ያው አባት ግን ጅራፍም ነበረው። በእንግሊዝ ጦር ግርፋት በ1881 ሲቀር፣ በአፍሪካ ጦሮች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርታት ቀጥሏል።

አባትነቱን የሚያፈርሰው ክርክር ከራሷ ከእንግሊዝ ይመጣል። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1689 ባሳተመው መጽሐፉ የአባትን ሥልጣን ከመንግሥት ሥልጣን ለይቶ አስቀምጧል፤ የአባት ሥልጣን ልጁ አእምሮው እስኪበስል ብቻ የሚቆይ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለው አስካሪ ግን ትናንት ከመርከብ ለወረደው ወጣት ሰላምታ ይሰጣል። ፀጉሩ ቢሸብትም ለአካለ መጠን አይደርስም።

የመኮንኑ አባታዊ ፍቅር ራሱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን፣ ጦሩ ገና ሳይመሠረት፣ በ1897 ኡጋንዳ ላይ ታየ። በዚያ የነበሩት ሱዳናውያን ወታደሮች ቀድሞ ለግብፅ መንግሥት የኢኳቶሪያ ገዥ በነበረው በኤሚን ፓሻ ሥር የነበሩ፣ በኋላም እንግሊዛዊው መኮንን ሉጋርድ በ1891 ለእንግሊዝ አገልግሎት ያስገባቸው ነበሩ። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ እሱም ይዘገያል። ከዘመቻ ወደ ዘመቻ ያለ ዕረፍት ተጉዘዋል፤ አሁን ደግሞ ሚስቶቻቸውን ትተው እንዲሄዱ ታዘዙ። ዐመፁ። ሜጀር ትረስተን ዐረብኛ የሚናገር፣ ወታደሮቹን ቀርቦ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ይሰሙኛል ብሎ በቡሶጋ ወደሚገኘው ወደ ሉባ ምሽግ ሄደ። ያዙት፤ በኦክቶበር ከሌሎች ሁለት አውሮፓውያን ጋር ገደሉት። ሰዎቹን ያውቃቸው ነበር፤ የደረሱባቸው በደሎች ግን በአንድ መኮንን ቀና ልብ የሚስተካከሉ አልነበሩም።

ከስምንት ዓመት በኋላ በኬንያ፣ የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልሱ ካፒቴን ሪቻርድ ማይነርትዛገን የናንዲዎችን መንፈሳዊ መሪ ኮይታሌል አራፕ ሳሞኢን ለዕርቅ በተባለ ስብሰባ ላይ ገደለ። እሱ ሊያጠምዱኝ ነበር አለ፤ ናንዲዎች እስከ ዛሬ ክህደት ይሉታል። የምርመራ ጉባኤዎች ነፃ አወጡት፤ ሆኖም ከኬንያ እንዲነሣ ተደረገ። ከእሱ ጋር ስለተኮሱት አስካሪዎች ግን እምብዛም የጠየቀ የለም። ስፔናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ፍራንሲስኮ ደ ቪቶሪያ በ16ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ የጦርነቱ ግፍ ለወታደሩ ግልጽ ከሆነ ንጉሥ ቢያዘውም ሊዋጋ አይገባውም፤ ከተጠራጠረ ግን ሊታዘዝ ይችላል። የዚህ ትምህርት ድክመት ጥርጣሬን እንደ ተፈጥሮ ነገር መቁጠሩ ነው። ለአስካሪው የዘመቻው ምክንያት አይነገረውም፤ ዘመቻውም ብዙ ጊዜ ከትውልድ ቀዬው ርቆ፣ በማያውቀው ሕዝብ ላይ ነው። አለማወቁ የአሠራሩ ውጤት ከሆነ፣ ከኃጢአቱ የሚበዛው ድርሻ አሠራሩን ወዳቆመው መሄዱ አይቀርም።

ጥያቄውን ከታች ወደ ላይ ያነሣው የኒያሳላንዱ (የዛሬዋ ማላዊ) ፓስተር ጆን ቺሌምብዌ ነው። በ1914 ለጋዜጣ በላከው ደብዳቤ አፍሪካውያን የእነሱ ባልሆነ ጦርነት ለምን ይሞታሉ ሲል ጠየቀ፤ ሳንሱሩ አገደው። በ1915 መጀመሪያ ዐመፅ አነሣና ተገደለ። ዐመፁን ለማፈን ከተሰማሩት መካከል የዚያው አገር አስካሪዎች ነበሩ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 ድፍረትና ራስን መግዛት ያለ በጎ ፈቃድ አደገኛ እንደሚሆኑ ጽፏል። ስለ መኮንኑ ግን ከዚህ ጠበቅ ያለ ነገር ማለት ይቻላል። ፈቃዱም በጎ ሊሆን ይችላል፤ ደግነቱ ግን የሚያገለግለው ሥርዓት መሣሪያ ነው። ጨካኝ መኮንን ዐመፅ ይወልዳል፤ ደጉ ግን ግብሩ እንዲሰበሰብ፣ መሬቱ እንዲነጠቅ የሚያስችለውን ጸጥታ ያጸናል። በጎነቱ ውሸት አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ዓላማው ትክክል የሆነበት ጊዜም አለ፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። በ1941 እነዚሁ አስካሪዎች ፋሺስት ኢጣሊያን ወግተው በሜይ ቁሊቶ ላይ፣ በኖቬምበር ጎንደር ላይ ድል አደረጉ። የኢትዮጵያ አርበኞች ለገዛ አገራቸው ሲዋጉ፣ ኬንያዊው አስካሪ ከ1920 ጀምሮ የአገሩ አዋቂ ወንድ ሁሉ ኪፓንዴ የተባለ የመታወቂያ ወረቀት በቆርቆሮ አድርጎ አንገቱ ላይ ወደሚያንጠለጥልበት ምድር ይመለስ ነበር። የውጊያው ፍትሕ ከአዛዡም ከታዛዡም አልመነጨም፤ ሁለቱም ያልመረጡት ጠላት አጋጠማቸው።

አፍሪካዊ ማዘዝ አይችልም የሚለው እምነት በ1942 ተነካ፤ ከጎልድ ኮስት (ከዛሬዋ ጋና) የመጣው መምህር ሴዝ አንቶኒ በእንግሊዝ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ አግኝቶ በርማ ዘመተ። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ነገሩ እስከ ነፃነት ዋዜማ ተጓተተ። ቁሊቶ ላይ የተዋጋው ሻለቃ ጦር ከታንጋኒካ (ዛሬ የታንዛኒያ አካል) ነፃነት በኋላ የታንጋኒካ ራይፍልስ አካል ሆነ፤ በዳሬሰላም የሚገኘው ሰፈሩም ለዚያ ድል መታሰቢያ ኮሊቶ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። በጃንዋሪ 1964 በዚያው ሰፈር ወታደሮቹ ዐመፁ፤ ጥያቄያቸው የደመወዝ ጭማሪና እንግሊዛውያኑ መኮንኖች በአፍሪካውያን እንዲተኩ ነበር። መኮንኖቹን አልገደሏቸውም፤ ሰብስበው በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ሰደዷቸው። ዐመፁን ያበረዱት ግን፣ ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ራሳቸው እርዳታ ጠይቀው፣ ከባሕር የመጡ የእንግሊዝ ኮማንዶዎች ናቸው።