ሥራ ስንለቅ ወሰናችን የት ላይ ነው?



ሰው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ለቀድሞ አሠሪው ምን ዕዳ ይቀርበታል? ይህ ጥያቄ በጉባኤያችን ሲነሣ «ክርስቲያን ሲጠሩት እምቢ አይልም» ያሉ ነበሩ። አሠሪው ከወራት በኋላ «ቅዳሜ መጥተህ ሒሳቡን ዝጋልን» ቢል መሄድ አለብን ማለታቸው ነው። ካልሄድን የበላንበትን ወጪት ሰባሪ እንባላለን። እኛ ግን ይህ አባባል ፍቅርንና ይሉኝታን የደባለቀ ይመስለናል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 ያዕቆብ ከላባ ቤት የወጣበትን ታሪክ እንመልከት። ያዕቆብ 20 ዓመት አገልግሏል፤ ይኸውም 14ቱን ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ 6ቱን ስለ መንጋው ነው። ደመወዙም ዐሥር ጊዜ ተለዋውጦበታል። መልቀቁ ተገቢ ነበር፤ አለቃቀቁ ግን ጣጣ አመጣ። ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ጊዜ ሳይነግረው ኮበለለ። ራሔልም የአባቷን ጣዖታት ሰርቃ ነበር፤ ያዕቆብ ይህን አላወቀም። ስለዚህ ላባ ሰባት ቀን ተከታትሎ ሲደርስበት የሚጠይቀው ነገር ነበረው። (ዛሬም ሳይረካከብ የጠፋ ሠራተኛ ስልኩ ሌት ተቀን ቢጮኽ በአሠሪው አይፈረድም።)

በገለዓድ ተራራ ዕቃው ሁሉ ተፈተሸ፤ ያዕቆብም የሃያ ዓመቱን ድካም ፊት ለፊት ተናገረ። የድንጋዩ ክምር የቆመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ለክፋት እንዳይሻገር። በክምሩም ዘንድ አብረው በሉ፤ ላባ በማለዳ ልጆቹን ስሞ መርቆ ተመለሰ። እንግዲህ ወሰን ጠብ አይደለም። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ለሚሉን አሠሪዎችም፣ ላባ በእውነት አጎትና አማት ነበር፤ ቢሆንም ድንጋዩ አስፈልጓል።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። አሠሪውም ቀሪ ክፍያውን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፍል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሰጥ ይገደዳል። በእኛ አስተያየት የዕዳው ልክ በዚያ ወር ውስጥ ነው፤ ሳያላግጡ መሥራት፣ ቁልፉንና ሰነዱን ማስረከብ፣ ተተኪውን ማሳየት። የቤቱን ምሥጢር መጠበቅ ግን ከወሩም በኋላ ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ በተጠራ ቁጥር የሚሮጥ ሰው ተተኪውንም ሥራውን እንዳይለምድ ያደርገዋል።

የሚከብደው አሠሪዋ ሌላ ሰው የሌላት የትንሽ ሱቅ ባለቤት የሆነች እንደሆነ ነው። እንዲህ ላለችው አንድ ቅዳሜ ብንሄድላት መልካም ነው። ነገር ግን ስንሄድ እንደ ጎረቤት እንሂድ፤ ሁለተኛውን ቅዳሜ ስትጠይቀንም እንደማይመቸን በግልጥ እንንገራት እንጂ ስልክ አጥፍተን አንደበቅ።