«ሮጥ ብለህ አምጣልኝ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ክረምት ከየዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ወደ ጭሮ የተመለስን ተማሪዎች ከጉባኤ በኋላ አንድ ጥያቄ አንሥተን ተወያይተን ነበር። ጥያቄውም «ጫትን ወይም አረቄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስያዘን ማን ነው?» የሚል ነው። በስብከት ሁልጊዜ የሚወቀሰው ክፉ ጓደኛ ስለ ሆነ መልሱ እርሱ ይሆናል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ያስታወስነው የገዛ ቤታችንን ሆነ። አባት ከምሳ በኋላ ገንዘብ ሰጥቶ «ሮጥ ብለህ አምጣልኝ» ይላል፤ ልጅም ከገበያ ይዞ ሲመለስ በመንገድ ላይ ከእስሩ አንድ ቀንበጥ ይመዛል። ከመካከላችን አንዱ በዚህ ዓይነት የጀመረው ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ነው። ተደርሶበት በተገረፈ ማግስት እንኳ ያው መላክ አልቀረለትም።

ይህን የምንጽፈው በወላጆቻችን ለመፍረድ አይደለም። ከሂርና እስከ ገለምሶ ባለው አገር ቡና የነበረበት ብዙ ማሳ ዛሬ ጫት ሆኗል፤ ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም እጅ በእጅ ነው። ከእኛ መካከል ደብተሩና የደንብ ልብሱ በዚሁ ገንዘብ የተገዛለት አለ። ስለዚህ «ማሳውን ንቀሉት» ለማለት አፍ የለንም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ከጫት ገንዘብ የሚኖር ቤት ልጁን ከጫት ሊጠብቀው ይችላልን?

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕ. 35 የተጻፈውን የሬካባውያንን ነገር እናስታውስ። አባታቸው ኢዮናዳብ የወይን ጠጅ እንዳይጠጡ አዘዛቸው፤ እነርሱም ወይን በሞላበት አገር እየኖሩ ከትውልድ እስከ ትውልድ ጠበቁት። ነቢዩ በቤተ መቅደስ ጽዋውን ሞልቶ ቢያቀርብላቸው እንኳ የአባታችን ቃል አለ ብለው እንቢ አሉ። ልብ እንበል፤ ትእዛዙ ለልጆች ብቻ የተሰጠ አልነበረም። ባልም ሚስትም፣ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም አንድ ሆነው ጠበቁት እንጂ፣ ታላላቆቹ እየጠጡ ታናናሾቹን አልከለከሉም። ካህኑ ዔሊ ግን ልጆቹን የገሠጻቸው ክፋታቸው በሕዝቡ ሁሉ አፍ ከገባ በኋላ ነው፤ ተግሣጹም አልሰመረም። በከተማችንም የልጁን ነገር ከሰፈሩ ሁሉ በኋላ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የገዛ አባቱ ነው።

አንዳንዶቻችን «ጫት የክርስቲያን ልማድ አይደለም» እያልን በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ላይ ጣት እንቀስራለን። ግን በክርስትናና በሠርግ ቀን «ትንሽ ቅመስ» እያልን ለሕፃን ጠላ የምንሰጥ እነማን ነን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ይሁን እንጂ አዋጁ በየጓዳችን ያለውን ጋን አይጠብቅልንም። ደግሞም ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው አይቀሩም። ተማሪው ለፈተና ሊያጠና ይቅማል፤ በምርቃና እንቅልፍ ሲያጣ ለጨብሲ ይጠጣል፤ ሲነጋም ሀራራው ይቀሰቅሰዋል። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ይዳከማል፤ አይሱዙው በሌሊት እንደዚያ የሚበረውም ስለዚሁ ነው። የልጁ ጤና ግን በዚያ ፍጥነት አይመለስም።

ስለዚህ ወላጆች የከሰዓት በኋላውን ሰዓት ይወቁት እንላለን። የበርጫ ሰዓት እርሱ ነውና። ልጁ ራት መብላት ከተወ፣ ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ካደረ፣ ዱካክ ሲያስጨንቀው ከተሰማ፣ እናት ከአባት ደብቃ ገንዘብ አትስጠው፤ ለንስሐ አባቱም ለሐኪምም በጊዜ ይነገር። ከሁሉ ይልቅ ከቤት አይባረር። የተባረረ ልጅ የሚሄድበት አያጣም፤ ፍራሹን አንጥፎ የሚጠብቀው የመቃሚያ ክፍል አለለት። የጠፋው ልጅ ሲመለስ በሩ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ያ ምሳሌ እንዴት ባለቀ ነበር?

እኛ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶችም ከዚህ ወቀሳ አንወጣም። ከዩኒቨርሲቲ መጥተን በታናናሾቻችን ፊት እየቃምን ስናነብ፣ ዕውቀት ከቅጠሉ የሚመጣ ይመስላቸዋል።

ያ በስድስተኛ ክፍል የጀመረው ወንድማችን ዛሬ ትቶታል፤ መተዉም እንደ ወሬው ቀላል አልነበረም። ከውይይታችን በኋላ ወደ ቤቱ ሲገባ አባቱ ለትንሹ ልጅ ገንዘብ ሲዘረጉ አገኛቸው። «አባባ፣ እባክዎ እሱን አይላኩት» አላቸው። አባት መልስ አልሰጡም፤ ጥቂት ቆይተው ከዘራቸውን አንሥተው ራሳቸው ሄዱ። ሲመለሱም እስሩን በልጆቹ ፊት አልፈቱትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።