የሰንደቁ መብራትና የሰንደቁ ባለቤት

ቀን ከፀሐይ ያጠራቀመውን ኃይል ሌሊት ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚያፈስ ትንሽ የሶላር መብራት በውጭው ዓለም የተለመደ ነገር ሆኗል። ለዚህ ምክንያት አለው። የአሜሪካ የሰንደቅ ዓላማ ሕግ ባንዲራው ፀሐይ ስትወጣ ተሰቅሎ ስትጠልቅ የሚወርድ መሆኑን ደንግጎ፣ ሌሊቱንም እንዲውለበለብ ከተፈለገ በቂ ብርሃን ሊበራለት ይገባል ይላል። ሐሳቡ ጨለማ ውስጥ የተረሳ ሰንደቅ እንደተዋረደ ይቆጠራል የሚል ነው፤ እኔም እስማማበታለሁ። ነገር ግን መብራቱን አምጥተን በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ብንተክለው፣ ያከበርነው ማንን ነው?

ምልክትን ማክበር ምን ማለት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ቀድማ አስባበታለች። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲጽፍ፣ ለሥዕል የሚሰጥ ክብር ሥዕሉ ላይ እንደማይቀር፣ ወደ ባለሥዕሉ እንደሚያልፍ አስተምሯል። ኋላም ስለ ቅዱሳት ሥዕላት የተሟገቱ አባቶች የተደገፉት በዚሁ ትምህርት ነው። ሰንደቅ ዓላማም በዚህ መንገድ ሥዕል ነው፤ ባለሥዕሉ ደግሞ ሕዝቡ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 3 በሰንደቁ ላይ ያለው ዓርማ የሕዝቦችንና የሃይማኖቶችን በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ የሚያንጸባርቅ ነው ሲል ይህንኑ መመስከሩ ነው። እንግዲህ ክብሩ ወደ ባለቤቱ ማለፍ አለበት። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም ቤቱ የኤሌክትሪክ ብርሃን የለውም። ልጅ በኩራዝ ጭስ ዓይኑን እያሸ በሚያጠናበት፣ አዋላጅ በሞባይል ብርሃን እናትን በምታዋልድበት አገር፣ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቁ ብቻ ቢደምቅ ክብሩ መንገድ ላይ ቀርቷል።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ከኖኅ ቃል ኪዳን ጋር የሚያያይዝ የቆየ ትውፊትም አለን፤ ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት የሚለው ሕዝብ ይህን ለማመን አይቸገርም። ትውፊቱን ከተቀበልን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ በዝናብ ላይ ስትወጣ ነው። ሌሊት የለም። ስለ ጠፋ ግን ኪዳኑ አልፈረሰም፤ ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚለው ምልክቱን አይቶ ኪዳኑን የሚያስበው እግዚአብሔር ራሱ ነው። የምልክት ጉልበቱ ሳያቋርጥ መታየቱ ሳይሆን፣ ኪዳኑን የሚጠብቅ መኖሩ ነው። ማታ የወረደ ሰንደቅ አልተዋረደም። ያወረደው፣ አጣጥፎ ያስቀመጠው፣ ጠዋትም ተማሪዎች ተሰልፈው ሳሉ መልሶ የሚሰቅለው ሰው አለና።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራው ተቃውሞ ከቤተ መቅደሱ የሚመጣ ነው። በመቅደስ ፊት ሌሊቱን የሚነድ መብራት ክብር ከሆነ፣ በሰንደቅ ፊት ሲሆን ስለምን ይነቀፋል? ኦሪት ዘጸአትን ልብ ብሎ ላነበበ መልሱ እዚያው አለ። ሕዝቡ ጥሩ የወይራ ዘይት እንዲያመጣ፣ አሮንና ልጆቹም መብራቱን ከማታ እስከ ጠዋት እንዲያሰናዱት ታዝዟል። የመብራቱ ክብር ከሚያመጣው እጅና ከሚነቃው ካህን ጋር ነበር። ሲጨልም ራሱ በርቶ ሲነጋ ራሱ የሚጠፋ መሣሪያ የሚያስፈልገው አንድም የሚነቃ ሰው የለም፤ የነበረውንም ሰቃይና አውራጅ ከሥራው ያሰናብተዋል።

ሌላው ፀሐይ በነጻ ናት፣ ማንንም አትጎዳም ይላል። ፀሐይዋ በነጻ ናት፤ ፓኔሉና ባትሪው ግን ይገዛሉ፣ ባትሪውም ያረጃል። በሐምሌና ነሐሴ የምሥራቅ ጎጃም ሰማይ ቀኑን ሙሉ በደመና ሲሸፈን ያልሞላ ባትሪ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፤ ያኔ ሰንደቁ አልወረደም፣ አልበራለትምም። ቀንና ሌሊት ነፋስና ዝናብ የሚመታው ጨርቅም ቶሎ ይቀደዳል። ዘበኛ የሚያድርበት፣ ዙሪያው ቤት ሁሉ መብራት ያገኘበት ቦታ ቢሆን ግን አልቃወምም፤ እዚያ ሶላር ከጄኔሬተር ይሻላል።

መርጡለ ማርያም ይህን ክርክር ከድንጋይ መማር የምትችል ከተማ ናት። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያሠራችው፣ በጥሩ ጥርብ ድንጋይ ያጌጠው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ፍርስራሹ ነው የቀረው። ከአጠገቡ ግን ቅዳሴው አልታጎለም። ያን ያህል የተደከመበት ጌጥ ሲፈርስ አገልግሎቱን ያቆዩት ቀዳሹና አስተማሪው፣ በቁራሽ እንጀራ የተማረውም የቆሎ ተማሪ ናቸው።

ከዚህ አካባቢ ወጥታችሁ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ የምትኖሩ፣ ለትውልድ ቀያችሁ አንድ ነገር ልታደርጉ የምታስቡ ሁሉ፦ የመጀመሪያውን ሶላር ለማዋለጃ ክፍል ስጡ፣ ቀጣዩን ለአብነት ተማሪዎች ጎጆ። ሰንደቁን ማታ 12 ሰዓት ላይ በክብር የሚያወርድ ሰው ይቁምለት።