ሙቀት የሚያድርበት ምድጃ

ልጆቼ፣ በየግቢያችሁ የእንጨት ምድጃ ሠርታችሁ ፒዛ ልትጋግሩ እንደምታስቡ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ ሸዋ ሮቢት ዕድሜዬን በድንጋይ፣ በጡብና በጭቃ አሳልፌያለሁ፤ ቤትም ሠርቻለሁ፣ የዳቦ ምድጃም ሠርቻለሁ። እሳት ማንደድ ማንንም አያቅተውም፤ ሙቀትን ይዞ ማሳደር ግን ሙያ ነው። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

ልጅ ሳለሁ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ እንጨት እፈልጥ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የጣርማበርን ተራራ ፈልፍሎ የደሴን መንገድ ካወጣ ወዲህ፣ ፉርኖ ዳቦ ለከተሞቻችን የዘወትር ምግብ ሆኖ ቀርቷል። ያ ጋጋሪ ሌሊት ተነሥቶ ያነዳል፤ ጡቡ ሲግል ፍሙን ሙልጭ አድርጎ ይጠርጋል፤ ወለሉን በእርጥብ ጆንያ ያብስና ሊጡን ያስገባል። እሳቱ ወጥቶ ዳቦው መብሰሉ ያስደንቀኝ ነበር። ጋጋሪው ግድግዳው የጠጣው ሙቀት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ለፒዛ ፍሙ አይወጣም፤ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ ነበልባሉም በጉልላቱ ሆድ ላይ እየተንከባለለ ከላይ ይመታል፣ የጋለው ወለል ከታች ያበስላል። እናቶቻችን ድፎውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከላይም ከታችም እሳት ሲያደርጉለት ይህንኑ ያውቁ ነበር። የሩቁን ሙያ ስትማሩ የቤታችሁን ሙያ አትናቁ።

አንድ የማውቀው ሰው ከማሳው መረሬ ቆፍሮ፣ አቡክቶ ምድጃ ሠራ። መሬቱ የራሱ ነው፣ አፈሩ ነጻ ነው፣ ጉልበቱም አልሰነፈም። ፀሐይ ሲበረታ ግን ጉልላቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። መረሬ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህን በበጋ እርሻችሁ ላይ ስትረግጡት ታዩታላችሁ፤ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል እንጂ እሳት አይሸከምም። ለምድጃ የሚሆነው ሸክላ ሠሪዎች የሚቆፍሩት አፈር ነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ስትወጡ ሸክላ የሚሸጡትን እናቶች በአክብሮት ጠይቋቸው፤ አፈርን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አላየሁም። ያገኛችሁትን አርጥባችሁ በጣት ውፍረት አድቦልቡሉና እጠፉት፤ ሳይሰበር ከታጠፈ ጥሩ ነው። ከዚያ አንድ እጅ አፈር ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር በእግር እየረገጣችሁ አቡኩት። ከሮቢ ወንዝ አሸዋውን አምጡ፤ ድንጋዩን ግን እሳት በሚነካው ቦታ አታስገቡ። የወንዝ ድንጋይ በሆዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲግልም ይፈነዳል፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

ከቤሩት የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ልጅ «አባባ፣ አፉን ሰፋና ከፍ አድርገው ይሥሩልኝ፤ ለእጄ እንዲመቸኝ» አለችኝ። ያሰበችው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን አፉ ከፍ ያለ ምድጃ ሙቀቱን ሲተፋ ይውላል፤ አፉ ያነሰውም አየር አጥቶ በጭስ ይታፈናል። የቀደሙት ግንበኞች የደረሱበት ልክ የበሩ ቁመት ከጉልላቱ የውስጥ ቁመት ከመቶ 63 እጅ ገደማ ይሁን የሚል ነው። ጉልላቱ በውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሩ 31 ወይም 32 ይሆናል። የምድጃውን ወርድ አንድ ሜትር ያህል አድርጌ ሠራሁላት። ከበሩ በላይ የጭነት መኪና ባሌስትራ አጋደምኩ፤ በደሴ መንገድ ዳር ባለ ከተማ አሮጌ ባሌስትራ አይጠፋም። ወለሉን በሸክላ ጡብ አነጠፍን፤ እርጥብ አሸዋ እንደ ጉልላት ከምረን፣ በእርጥብ ጋዜጣ ሸፍነን፣ ጭቃውን እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት መረግንበት፤ ጭቃው ራሱን ሲችል በሩን ቆርጠን አሸዋውን ዛቅነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራው አለቀ ብሎ እጁን ይታጠባል። አላለቀም። ሙቀት በላይ ብቻ ሳይሆን በታችም ያመልጣል። ከጡቡ ሥር ቀላሉን፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ባዶ ጠርሙስ በአመድ መሐል ደርድሩ፤ ከጉልላቱ ላይ ደግሞ ጭድ የበዛበት ቀለል ያለ ጭቃ ደርቡ። በውስጡ አየር የያዘ ነገር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። በየቤታችሁ የምታውቁት «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከሲሚንቶ የሚሠራው ለዚሁ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ከሚነድደው ማገዶ እኩሌታውን ያህል ያድናል። የማይታየውን ክፍል የዘነጋ ግንበኛ ማገዶ ሲገዛ ይኖራል።

ቆላችን ችኩል ያደርጋል፤ ፀሐዩ ጭቃውን በአንድ ቀን ያደረቀው ይመስላል። አንድ ዳቦ ቤት ለመክፈቻው ቀን ተቻኩሎ፣ በውጭ ደርቆ በውስጥ ያልደረቀውን ምድጃ እንጨት ሞልቶ አነደደበት። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይገፋል። እንግዶቹ ተቀምጠው ሳሉ የውስጡ ጭቃ እየተላጠ ወለሉ ላይ ወደቀ። እናንተ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሥሩ፤ ጥላ አብጁለት፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ትንሽ እሳት፣ መጀመሪያ ጭራሮ፣ እያደር ወፈር ያለ እንጨት። ሰዎች «ምነው ዘገየ?» ይሏችኋል፤ ይበሉ።

ቦታውንም አስቡበት። ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ የግቢያችን ጓሮ አገዳ የተከመረበት ነው። በክምር አጠገብ የነደደ እሳት አንድ የንፋስ ሽውታ ብቻ ይበቃዋል። ከክምሩ አርቁ፣ የንፋሱን መንገድ ተመልከቱ፣ ጭሱም ወደ ጎረቤት መስኮት አይሂድ። እንጨቱ ከተቆረጠ ቢያንስ ስድስት ወር የከረመ፣ ሲመቱት ጥርት ብሎ የሚጮህ ይሁን። ቀለም የተቀባ ጣውላ መርዝ ነው፣ አታንድዱት። እርጥብ ግራርም አትቁረጡ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ በጥላው የተቀመጥንበት ስንት ኮረብታ ዛሬ ራሱን ተላጭቷል፤ ይህ ልቤን ያሳዝነዋል።

ምድጃው መድረሱን የምታውቁት በጉልላቱ ነው። መጀመሪያ ጥቀርሻው ያጠቁረዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ጥቀርሻው ራሱ ተቃጥሎ ጉልላቱ ነጣ ይላል። ያኔ ደርሷል። የፒዛ አገር ናፖሊ ናት፤ የጋጋሪዎቿንም ሙያ ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቦታል፤ እነሱ በ430 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሆነ ሙቀት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ያወጡታል። ለእኛ ሊጡ ነው ፈተናው። በሮቢት ሙቀት እርሾ ይሮጣል፤ እርሾውን ቀንሱ፣ ሊጡን ማምሻውን በቀዝቃዛ ውኃ አቡኩትና እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ አሳድሩት። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከጓሮ ነው።

ስለ ሥጋ አንድ ነገር ልበል። አገራችን ይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ አጥር የሚኖሩባት ናት፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። የእኛ ሰፈር ምድጃ ሲመረቅ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ «ሥጋ ባይገባበት ሁላችንም እንበላበት ነበር» አሉ፤ ባለቤቱም ተቀበለ። እስከ ዛሬ አትክልት ብቻ ይገባበታል፤ በጾምም፣ በረመዳን ማፍጠሪያም አይዘጋም። ከጣሪያው ክብ ይልቅ ይህን አሳብ ከእኛ ውሰዱ።

ፒዛው ሲያልቅ ፍሙን አውጥታችሁ በሩን በበርሜል ቆርቆሮ ክደኑት። ሙቀቱ ወረድ ሲል ዳቦ ይገባል፤ የጎረቤትም ሊጥ ይግባ፣ ማገዶውን አብራችሁ አዋጡ። ከዳቦው በኋላ ባቄላ ወይም ሽምብራ በሸክላ ድስት አስቀምጡበት። ጠዋት አመዱን ጠርጋችሁ እጃችሁን አስገቡ፤ ጡቡ ገና ለብ ካለ የሚቀጥለውን እንጨት እዚያው ደርድሩ፤ ቀኑን ሲደርቅ ይዋል።