ያልተማረውን ልጅ ማሳለፍ ርኅራኄ ነውን?

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው ሲፈተኑ የኩረጃ በር ጠበበ። ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት አኃዙ 3.2 ነበረ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ አንዲት ብቻ በሆነች የገጠር ወረዳ፣ ማንም አላለፈም ማለት ሐዘኑ በየቤቱ ገባ ማለት ነው።

ብዙዎች ፈተናውን ጨካኝ አሉት። እኛ ግን አስቀድሞ ስለ ነበረው ርኅራኄ መጠየቅ እንወዳለን። መልስ ሲሾልክ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ፈታኝ፣ «የድኻ ልጅ ነው፤ ይለፍ» የሚል መምህር፣ ይህንም እንደ ውለታ የሚቆጥር ወላጅ በየስፍራው ነበሩ። አስተሳሰባቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ልጁ ረጅም መንገድ በእግሩ ይመላለሳል፤ በአጨዳና በውቂያ ወራት ከክፍል ይቀራል፤ አንዱን መጽሐፍ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ በሥዕል እንጂ በዓይኑ አላየም። የከተማው ልጅ አስጠኚ ሲቀጠርለት ይህን በጥቂት ነጥብ መደገፍ ምን ነውር አለው? ይሉናል።

ነገር ግን ያ ነጥብ ለማን ተሰጠ? ልጁ ዕውቀቱን አላገኘም። ዕረፍት ያገኘነው እኛ ታላላቆቹ ነን። ውጤቱ ያማረ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ጎደለው ብሎ የሚጮኽለት የለም፤ መምህር አነሰው ብሎ የሚቆረቆርለትም አይገኝም። የልጁ ባዶ ወረቀት ስለ ወረዳው እውነቱን ይመሰክር ነበር፤ እኛም ምስክሩን ዝም አሰኘነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ደግሞ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ሲደረግ ሐሳቡ በጎ ነበረ፤ ክፍል የደገመ ሕፃን ትምህርቱን ፈጥኖ ይተዋልና። ሆኖም በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማሳለፉ ተፈጸመ፤ ከማሳለፉ ጋር የተገባው የማስተማር ዕዳ ግን ሳይከፈል ቀረ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ጸሎቱን በቃሉ አሳምሮ የሚደግም የስድስተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉ ሲሰጠው አንገቱን ይደፋል።

ይህን ስንል ጥብቁ ፈተና ብቻውን ፍትሕ ነው ማለታችን አይደለም። ትክክለኛ ሚዛን ጎተራ አይሞላም። መንግሥት ከወደቁት ለተወሰኑት በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት መጀመሩ መልካም ሲሆን፣ ያ ግን የሚደርሰው አሥራ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

በየቁምስናችን ግን በዚህ ሳምንት ሊደረግ የሚቻል ነገር አለ። ልጆቻችንን «ስንተኛ ወጣህ?» ማለት ለምደናል። በዚህ ፈንታ ደብተሩን ወይም መጽሐፉን አስገልጠን «እስቲ ይህን ገጽ አንብብልኝ» እንበለው። ማንበብ የማይችል ወላጅም ልጁ ሲንተባተብ መስማት አያቅተውም፤ ሰምቶም በማግስቱ ወደ መምህሩ ሊሄድ ይችላል።