ሲያሞግሰን እልል፣ ሲመረምረን ውግዘት

በኦክላንድና በሳን ሆዜ የምትኖሩ፣ በሃይማኖታችሁ ጥንታዊነት የምትኮሩ ወገኖች ሆይ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው።

ምርምርን በሁለት ሚዛን ትመዝናላችሁ። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ምሁራን የ10ኛው ወይም የ11ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሲሏቸው ኖረው፣ በኦክስፎርድ የተደረገው የካርቦን ምርመራ እስከ 6ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በፊት ሲያደርሳቸው፣ ዜናውን ያልተቀባበለ ስልክ አልነበረም። ያኔ መርማሪው ወዳጃችሁ ነበር። ያው ምርምር ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዞሮ በደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ላይ የወረደውን ግርፋትና ግድያ ሲያወጣ ግን «የጠላት ወሬ ነው» አላችሁ።

ጠላት የምትሉት ማንን ነው? የእነዚያን መነኮሳት ታሪክ ከግእዝ ወደ አማርኛ የመለሱልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው መራመድ ተስኗቸው፣ በስደት አገር፣ በሚኒሶታ በቤኔዲክት መነኮሳት ግቢ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት ብራና ሲመዘግቡ ኖሩ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ የተዋሕዶ ልጅ ነበሩ። እሳቸው የመዘገቧቸው ብራናዎች ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ተስማምታ ነው። በዚያ ሥራ በማይክሮፊልም የተነሡት ብራናዎች በጠቅላላው ከ9,000 በላይ ደርሰዋል። ፓትርያርኩ ያልፈሩትን እናንተ ስለ ምን ፈራችሁት?

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው እያላችሁ ትመካላችሁ፤ እውነት ነው። ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ከወሰደ በኋላ በ1821 ላውረንስ በእንግሊዝኛ ተረጎመው፤ በ1851 ዲልማን የግእዙን ንባብ አመሳክሮ አሳተመው። እናንተስ ስንት ምዕራፍ አነበባችሁ? አብራችሁት ስለኖራችሁት ሙስሊም ወገንስ፣ ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና ላይ በ2001 ያሳተሙትን መጽሐፍ ከመካከላችሁ ማን ገልጦታል?

ከኦክላንድ በባርት ባቡር ቅርብ በሆነችው በበርክሌይ፣ ከ1962 ጀምሮ ግራጁዌት ቲኦሎጂካል ዩኒየን የሚባል ተቋም አለ። ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ አይሁዱም፣ ሙስሊሙም፣ ቡድሂስቱም የእምነቱን ታሪክ በሌላው ፊት ዘርግቶ ይጠየቅበታል። ከእናንተ ቤት አንዲት ልጅ «እዚያ ልማር» ብትል «ሃይማኖት ይታመናል እንጂ ይጠናል እንዴ?» ትባላለች። ወንድሟ ኮምፒውተር ሲመርጥ ግን ድግስ ይደገሳል።

ምርምር እምነት ያናጋል ማለታችሁ ሰበብ ነው። በጎጃምና በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ለአንድ ንባብ የሚለያዩ ትርጓሜዎችን «አንድም፣ አንድም» እያለ ጎን ለጎን ሲይዝ ኖሯል። ያ ጉባኤ ጥያቄ የሚፈራ ቢሆን ኖሮ የምትመኩበት ሊቅ ከየት ይወጣ ነበር? የእናንተ ፍርሃት ስንፍና ነው፤ ቅናተ ሃይማኖት ብላችሁ ስም አታውጡለት።

እንግዲህ ተመለሱ። የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለአዳራሽ ከምትሰበስቡት ገንዘብ ግእዝና ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ድርሻ መድቡ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ስለ ሃይማኖቱ ሲጠይቅ «ዝም በል» አትበሉት፤ የማታውቁትን አላውቅም ብላችሁ ወደሚያውቅ ላኩት። የሚያሳፍር ታሪክ ሲወጣም ከሚያኮራው እኩል ተቀበሉት። አፉን ያስያዛችሁት ልጅ መጠየቁን አይተውም፤ መልሱን ከስልኩ ይፈልጋል። እዚያ የሚያገኘው መምህር ማንም ይሁን ማን፣ የመረጣችሁለት እናንተ ናችሁ።