እኩል መሆንና አንድ መሆን

አንዲት እናት ለሁለት ልጆቿ ሁለት እኩል ዳቦ ብትሰጥ፣ የደረሳቸው እኩል ነው እንላለን እንጂ ዳቦው አንድ ነው አንልም። ታላቁ የራሱን ቢበላ የታናሹ አይጎድልምና። እኩል መሆንና አንድ መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት የተማረውን ሰው እንኳ ያሳስታል። ለዚህም ብዙ ልጆቻችን ከሚማሩት ከኮምፒዩተር ሙያ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን።

ጃቫ የሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይሠራበታል። በዚህ ቋንቋ ቁጥር «ኢንቲጀር» በሚባል ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሣጥኑም በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ የራሱ አድራሻ አለው። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ሁለት ሣጥኖችን በድርብ የእኩል ምልክት ሲያነጻጽር፣ «በውስጣችሁ ያለው ቁጥር እኩል ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ይመስለዋል። ምልክቱ ግን የሚጠይቀው «አድራሻችሁ አንድ ነው ወይ?» ብሎ ነው።

የሚያስደንቀው ስሕተቱ ቶሎ አለመታወቁ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጃቫ ቁጥርን በራሱ ጊዜ ወደ ሣጥን ሲያስገባ፣ ከዜሮ በታች ካለው 128 አንሥቶ እስከ 127 ላሉት ትናንሽ ቁጥሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ሣጥን አዘጋጅቶ፣ ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ያቀርባል። ስለዚህ 100 ከ100 ጋር ሲነጻጸር አድራሻው አንድ ስለሆነ መልሱ «አዎን» ነው። ለ1000 ግን በተለመደው አሠራር በየጊዜው አዲስ ሣጥን ይሠራል። በሁለቱም ውስጥ ያለው 1000 ሆኖ ሳለ መልሱ «አይደለም» ይሆናል። ሥራውን በትናንሽ ቁጥሮች ብቻ የፈተነ ሰው ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ያስረክባል፤ ጉዱ የሚወጣው ቁጥሩ ሲያድግ ነው።

ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተሳሳተው ዋጋን ለማወቅ ፈልጎ አድራሻን የጠየቀው ሰው ነው። በዚያው ቋንቋ «ኢኩዋልስ» የተባለ፣ የውስጡን ከውስጡ ጋር የሚያነጻጽር ትእዛዝ ተዘጋጅቶለታል።

እኛስ ሰውን ስንመዝን የምንጠይቀው የትኛውን ነው? የማን ዘር ነው? የት ሰፈር ይኖራል? እንደኛ ይናገራል ወይ? እነዚህ ሁሉ የአድራሻ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም በሚተዋወቅበት በትንሽ መንደር አድራሻውም ዋጋውም ስለሚገጥም ስሕተቱ አይታይም። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከእንዲህ ያለ መንደር ወጥተው፣ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ሕዝብ ወደሚኖርበት አገር ገቡ። በዚህ ስፋት ያ መለኪያ አይሠራም። ሌላው እኛን በሰፈራችን ሲመዝነን እናዝናለን፤ እኛም ሌላውን በዚያው መለኪያ እንዳንመዝን መጠንቀቅ አለብን።

ከዚህ የባሰው ግን ስሕተቱን በራሳችን ላይ ስንፈጽም ነው። እኩል ለመሆን የግድ እንደ ሌላው መሆን አለብን ብሎ ስሙን የሚያፍርበት፣ የእናቱን ቋንቋ በሰው ፊት የሚሸሽ ልጅ አለ። በሁለት ጸሐፊዎች እጅ በብራና የተጻፉ ሁለት የግዕዝ ኦሪቶችን እናስብ። የእጅ ጽሕፈታቸው ይለያያል፣ ብራናቸውም ይለያያል፤ ቃሉ ግን እኩል ነው። አንደኛው ለመከበር ሁለተኛውን መሆን አያስፈልገውም።

«አንድ ሕዝብ ነን እያልን እንዴት አንድ አይደለንም ትላላችሁ?» የሚለን ይኖር ይሆናል። አንድነት ማለት አብሮ መቆም ነው እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ መጥፋት አይደለም።

ደግሞም «ያው ራሱ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጊዜ አለው። ልጇ የጠፋባት እናት እኩያውን ቢያመጡላት አትጽናናም፤ የምትፈልገው እሱን ራሱን ነው። በፍቅር ፊት ሰው ሁሉ ምትክ የለውም። በሕግና በክብር ፊት ግን መጠየቅ ያለበት እኩልነት ነው። ስለዚህ ለልጆቻችን መልስ ከማስተማራችን በፊት፣ የትኛው ጥያቄ በየትኛው ቦታ እንደሚጠየቅ እናስተምራቸው።